ዓይን አስጨፋኙ ቸርኬ

ለሰፊው የናዝሬት ሕዝብ፣ በዙሪያዋ ላሉ ከተሞችና የገበሬ ማኅበራት፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይድረስ፦ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በቀበሌያችን ሲኒማ ቤት፣ በነጭ አቡጄዲ ላይ፣ አንድ ባል ሚስቱን ሳመ።

ነገሩን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ሰውየው ባሏ ለመሆኑ ጥርጥር የለም፤ ፊልሙ ሲጀመር ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቀለበት ሲያስሩ ሁላችንም አይተናል፣ ከኋላ ወንበር እልል ያለም ነበር። ከሠርጉ በኋላ ባልየው መርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕር ተሻገረ። ሚስት ወደብ ዳር ቆማ ክረምት ከበጋ አለቀሰች። መርከቡ በተመለሰ ዕለት ሮጣ ተጠመጠመችበት፤ ሳማት። ሞጆ ደርሶ የመጣ ሰው እንኳ በር ላይ ይሳማል፤ ይህ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። ጥፋቱ ጉንጯን አለመሳሙ ነው።

ከመጀመሪያው ረድፍ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር እትዬ ተሻለች ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው «ኧረ በሕግ አምላክ! ኧረ ይህ ነገር ይቁም!» ብለው ጮኹ። መሳሙ እስኪያልቅም ነጠላውን ከዓይናቸው አላነሱም። ነጠላ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ ያሳያል።

በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሲኒማ ቤቱ ከጥንቱ ባለቤት ተወርሶ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ፣ ሕዝቡ በገዛ ቤቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ዝም ሊል አይችልም። ስብሰባውን የመሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ መርዳሳ ኢተፋ ናቸው። ጓድ መርዳሳ ከለውጡ በፊት የታወቁ የጋሪ ነጂ ነበሩ፤ ከለውጡ በኋላ ፈረሱን ሸጠው እኛን ነዱ። አለንጋቸውን ግን አልሸጡትም፤ ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«ማነው ይህን መሳም ያሳለፈው?» አሉ።

የፊልም ማሽኑ ኦፕሬተር አምባዬ ከጥግ ተነሳ። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ማሽኑን ነው የማዞረው። የተሳሳሙት እነሱ ናቸው።»

«እነሱ ጣሊያን ናቸው፤ ጠርተን ልንጠይቃቸው አንችልም። አንተ ግን እዚህ ነህ።»

ፍትሕ በዚያ ዘመን እንዲህ ለሰው ቅርብ ነበረች። ሩቅ ሄዳ አትደክምም፤ አጠገቧ ያለውን ትይዛለች።

ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት አቶ ገብረወልድ እጃቸውን አነሱ። በቀበሌው የሽማግሌዎች ተወካይ ናቸው፣ ከዘራቸውን ሳያንኳኩ ንግግር አይጀምሩም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሲኒማ ቤቱ ይዘጋ! አዳራሹ ለመቂ ሽንኩርት መጋዘን ይሁን። ሽንኩርት እንደሆነ ተሳስሞ አያውቅም።»

ጭብጨባ ሆነ። አምባዬ ብቻ አላጨበጨበም፤ ሒሳቡ ገብቶት ነበርና። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ አምባዬ ሥራ ፈት ይሆናል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሥራ ፈት ሥራ አያጣም፤ በጭነት መኪና ተጭኖ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል። የሄዱት ሲዘፍኑ ነበር የሚሸኙት፤ ተመልሰው ግን ሲዘፍኑ የሰማ የለም። አምባዬ ቤት ደግሞ ሚስቱ ጫልቱ ወሯ ገብቷል።

«ጓዶች፣» አለ፣ «ፊልሙ የውሰት ስለሆነ መቁረጥ አንችልም እንጂ፣ ነውሩ ሲመጣ መዳፌን ማሽኑ አፍ ላይ ላድርግበት። ሸራው ይጨልማል፤ ሲያልፍ አነሳዋለሁ።»

ለሙከራ ተፈቀደለት። በሚቀጥለው እሁድ ሚስቲቱ መሮጥ ስትጀምር አምባዬ መዳፉን አደረገ። እዚህ ላይ አንድ ወግ መናገር አለብኝ፦ በአገራችን ሲኒማ ቤት ፊልም ሲቆረጥ፣ ምስል ሲጠፋ፣ ድምፅ ሲዘጋ፣ ኦፕሬተሩን «ሌባ!» ማለት ከአባት የወረደ ነው። አዳራሹ በአንድ አፍ «ሌባ! እጅህን አንሳ!» አለ። ይህስ ባልከፋ። ከመዳፉ ጀርባ ምን እየተደረገ እንደሆነ ከኋላ የተቀመጡት የወንጂ ሸንኮራ ቆራጮች በቃል ያስረዱ ጀመር። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። እትዬ ተሻለች በኋላ በስብሰባ እንደመሰከሩት፣ ጣሊያኖቹ ያን ያህል አላሰቡም ነበር።

መዳፍ ተሻረ። ስብሰባው ወደ ሽንኩርቱ ሐሳብ ሊመለስ ሲል ጓድ መርዳሳ ተነሱና፣ ቀበሌያችንን በታሪክ መዝገብ ሊያስገባት የሚገባውን፣ ግን ያላስገባትን ንግግር አደረጉ።

«ጓዶች! የጋሪ ፈረስ ለምን ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ከዓይኑ ግራና ቀኝ ቆዳ ስለተንጠለጠለለት ነው። ያ ቆዳ ባይኖር ገለባ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ባዝራ ባየ ቁጥር ደግሞ…»

እትዬ ተሻለች ሳል አደረጉ።

«…ደግሞ ይቆማል። ሰፊው ሕዝብ ግን ፈረስ አይደለም!» ጭብጨባ። «ቆዳ አያስፈልገውም!» ጭብጨባ። «ማስጠንቀቂያ ሲነገረው፣ በገዛ ንቃቱ፣ በገዛ ዓይኑ፣ ራሱ ይጨፍናል!»

የጋለ ጭብጨባ። አቶ ገብረወልድ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

እንዲህም ተወሰነ። ከፊልሙ በፊት ማስጠንቀቂያ ይነበባል፤ ነውሩ ሲቃረብ ቸርኬ ይመታል። ይህ ቸርኬ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተረፈ ሲሆን፣ በቀበሌው ግቢ ግራር ላይ ተንጠልጥሎ በብረት እየተመታ ሕዝቡን ለስብሰባ ይጠራ ነበር። ድምፁ ሲሰማ ሕዝቡ በጓሮ አጥር ዘሎ ይሄዳል። አሁን ከግራሩ ወርዶ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ በር አጠገብ ተሰቀለ። አንድ ጊዜ ሲመታ ተመልካች ይጨፍናል፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ ይገልጣል። መቺው ራሳቸው ጓድ መርዳሳ ናቸው። ትእዛዙ ሁሉንም ይመለከታል፤ ኦፕሬተሩንም ጭምር።

«ጓድ፣» አለ አምባዬ፣ «እኔ ከጨፈንኩ ማሽኑን ማን ያየዋል? ፊልሙ ቢቃጠልስ?»

«ይሸትሃል።»

የሚያስጨፍነውን ከማያስጨፍነው የሚለይ ኮሚቴም ተቋቋመ፤ ጓድ መርዳሳ፣ እትዬ ተሻለችና አቶ ገብረወልድ። ሕዝቡን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲሉ አደጋውን በየሰኞው ጠዋት፣ በር ዘግተው፣ አስቀድመው ይጋፈጡት ጀመር። ሲኒማ ቤቱን የምትጠርገውና ቲኬት የምትሸጠው ዙህራ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ይህን የነገረችኝም እሷ ናት።

«ይመለስልኝ፣» ይላሉ አቶ ገብረወልድ። «እጁ የት ላይ እንደነበረ አላስተዋልኩም።»

«ትከሻዋ ላይ ነው፣» ይላል አምባዬ ከላይ።

«ትከሻ ሰፊ ነገር ነው። ይመለስ!»

አምባዬ ይመልሳል።

«ይህ እኮ መሳም አይደለም፣» ይላሉ አቶ ገብረወልድ፣ «በጆሮዋ እያንሾካሾከላት ነው።»

«እኔ ባል አግብቼ ነበር፣ አቶ ገብረወልድ፣» ይላሉ እትዬ ተሻለች። «ማንሾካሾክና ይህ አይጠፋኝም።»

«እኔስ ላጤ ነበርኩ? ሚስት ቀብሬያለሁ!»

«እንግዲያው ምነው ይህን ሁሉ ማስመለስ?»

«ለማረጋገጥ ነዋ! በግምት ሰው ይወነጀላል?»

ጓድ መርዳሳ ሁለቱንም በትዕግሥት ያዳምጡና ወደ ላይ ቀና ይላሉ። «የሐሳብ ልዩነት ስላለ አንድ ጊዜ ይመለስ።» ይህ ዘወትር በሙሉ ድምፅ ያልፋል። አንዳንድ ሰኞ ክርክሩ እየጠነከረ ምሳ ሳይበላ ይውላል። ለሕዝብ መልካም ጠባይ ይህን ያህል የተራበ ኮሚቴ በሌላ ከተማ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። የእኛ ቀበሌ ቅጠሉን ትቶ እሳቱ የሚነሳበትን ቦታ በማይክራፎን አስነገረ። ጓድ መርዳሳ መድረክ ላይ ወጥተው ጉሮሮአቸውን ጠርገው እንዲህ ያነቡ ነበር፦

«ማስጠንቀቂያ! ውድ ተመልካቾች፣ ይህ ፊልም ለዕድሜም ለንቃትም የማይመጥን ትዕይንት ስላለው ማንም ሳያውቅ እንዳይሳሳት ከዚህ በታች በዝርዝር ተገልጿል። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው፣ ደረቷም በመጠኑ የተገለጠው ሚስት ፀጉሯን በትና መሮጥ ትጀምራለች። በዚህ ጊዜ ቸርኬ ይመታል። ባልየው በግራ እጁ ወገቧን፣ በቀኝ እጁ ማጅራቷን ይይዛል። መሳሙ ረዘም ያለ ስለሆነ ተቻኩሎ ዓይን መግለጥ አያስፈልግም። የኢምፔሪያሊዝም አሳሳም ይውደም!»

«ይውደም!» እንላለን ግራ እጃችንን አውጥተን። በሕይወቴ ያን ያህል ከልቤ ያወገዝኩት ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው የንቃትን ኃይል የሚያሳይ ነው። ድሮ ሩቡ ባዶ የነበረ አዳራሽ መቆሚያ ታጣበት። ከሞጆ ይመጣሉ፣ ከወንጂ ይመጣሉ። አርፍደው የደረሱ ሰዎች ፊልሙ እየሄደ «ማስጠንቀቂያው ይደገምልን!» እያሉ ይጮኻሉ። ዙህራ በመስኮቷ በኩል የምትሰማው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ።

«ዙህሪት፣ የዛሬው ማስጠንቀቂያ አለው?»

«አለው።»

«ስንት?»

«ሁለት መሳም፣ አንድ ገላ መታጠብ።»

«ገላ መታጠቡ እንዴት ነው?»

«ኮሚቴው ምሳ አልበላም።»

«በይ ሁለት ቁረጪልኝ፣ ለወንድሜም።»

አንድ ሳምንት ደግሞ ከወዳጅ አገር ስለ ትራክተር የተሠራ እጅግ አስተማሪ ፊልም መጣ።

«ማስጠንቀቂያ አለው?»

«የለውም፤ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ምን ልናይ ነው የምንገባው?»

ትራክተሩን ኮሚቴው ብቻ አየው፤ ሳያስመልስ።

ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሲነዳ ያደረ ሾፌር ገብቶ ወንበሩ ላይ ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ቸርኬው አንድ ጊዜ ሲመታ ብድግ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ ወደ እንቅልፉ ይመለሳል። ነጋሳ የሚባለው ሾፌር «ድሮ ሙሉውን ፊልም ማየት ግዴታ ነበር፤ አሁን ቀለለልን» እያለ ቀበሌውን ያመሰግን ነበር።

በዚህ መሐል እትዬ ተሻለች አንድ ከባድ ጥያቄ አነሱ። ሰው መጨፈኑን በምን እናውቃለን? ተቆጣጣሪ ይመደብ ተባለ፤ ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩ። የተቆጣጣሪ ሥራው ማየት ስለሆነ ቸርኬ ሲመታ እንዳይጨፍን ተፈቀደለት። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይቁሙ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አቶ ገብረወልድ ተቃወሙ።

«ለሸራው ጀርባ መስጠት ለሕዝብ ንብረት ጀርባ መስጠት ነው። ከኋላ ይቀመጡ። የጨፈነ ሰው ማጅራቱ ያስታውቃል።»

ስለዚህ ከኋላ ተቀመጡ፣ ፊታቸው ወደ ሸራው። ሪፖርታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ተመልካቹ መቶ በመቶ ጨፍኗል።» በማግሥቱ ሰው ሁሉ ለሕዝብ የማገልገል ፍላጎት አደረበት። የማኅበር ስብሰባ ረግጦ የማያውቅ ሁሉ «እኔም ልቆጣጠር» እያለ ቀበሌ በር ላይ ተሰለፈ። በከተማው ቀይ ጨርቅ አለቀ፤ ሻሸመኔ ድረስ ሰው ተላከ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ተቆጣጣሪ ሆነ። ቁጥጥር የማይደረግበት ተመልካች አልነበረም፤ ተመልካችም አልነበረም። በትእዛዝ እንዲጨፍን የቀረ አንድ አምባዬ ብቻ ነው። እሱም ጨርቅ እንዲሰጠው ለምኖ ነበር።

«አንተ ለነውሩ የቀረብክ ነህ፣» አሉት ጓድ መርዳሳ። «ዓይንህ ልገለጥ ልገለጥ ሲልህ ሰሊጡን አስብ።»

አምባዬም ሰሊጡን እያሰበ ይጨፍን ነበር።

የመልካም ሥራ ዜና እግር አለው። ከላይ ተሰማ። አንድ ቀን ከላይ የመጡ ጓድ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ትልቅ ሰው ቀበሌያችን ደረሱ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ጥላ ውስጥም አያወልቁትም። የናዝሬትን ተሞክሮ አይተው፣ ትክክል ሆኖ ካገኙት፣ እስከ ዝዋይ፣ እስከ ሻሸመኔ በየከተማው ቸርኬ ሊያሰቅሉ ነው። ትክክል ሆኖ ካላገኙት ደግሞ የሽንኩርቱ ነገር እንዳልተረሳ በጨዋታ መካከል ጣል አደረጉ። ጓድ መርዳሳም ይህንኑ ለአምባዬ ጣል አደረጉለት፤ ያለ ጨዋታ።

ለእንግዳው ክብር አንድ ከባድ ውሳኔ ተወሰነ። በዚያን ዕለት ማንም ቀይ ጨርቅ አያስርም፣ ኮሚቴውም ጭምር። ሕዝቡ ያለ አንዳች ተቆጣጣሪ፣ በንቃቱ ብቻ ሲጨፍን ይታያል። ፊልሙም እንዲሆን የተመረጠው ያ የባልና ሚስቱ፣ የመርከቡ ነው፤ ኮሚቴው ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱን ነዋ።

እሁድ ሆነ። አዳራሹ ጢም አለ። እንግዳው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠው ሳለ ወደ ጓድ መርዳሳ ዘንበል አሉ።

«ጓድ መርዳሳ፣ ሕዝቡ በእርግጥ ይጨፍናል?»

«መቶ በመቶ፣ ጓድ!»

«አንድም የሚያይ የለም?»

«አንድም!»

«እንግዲያው ምስሉ ለማን ይበራል? ለጥንቃቄ፣ ቸርኬው ሲመታ ኦፕሬተሩ መዳፉን ያድርግበት። የጨፈነ ሰው መኖሩንም አያውቅ።»

ጓድ መርዳሳ ምን ይበሉ? «ሰው ይጮሃል» ቢሉ ሰው ያያል ማለታቸው ነው። እትዬ ተሻለች አቶ ገብረወልድን አዩ፤ አቶ ገብረወልድ ጫማቸውን አዩ፤ ጫማው ምንም አላለም።

«ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፣» አሉ ጓድ መርዳሳ በመጨረሻ። ተነሥተውም ወደ ማሽኑ ክፍል ወጡ።

«መዳፍ?» አለ አምባዬ። «ማሎ፣ እባክዎ ጓድ፣ ሰው ይጮሃል!»

«የጨፈነ ሰው ምን አይቶ ይጮሃል?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«አላውቅም! ከጮኹ ግን ያስጮኽካቸው አንተ ነህ።»

«ባላደርገውስ?»

«የበላይ ትእዛዝ ጥሰሃል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ንቃ!» አሉት፤ ብረታቸውን ይዘውም ወደ መድረኩ ወረዱ።

አምባዬ በግራም በቀኝም ሰሊጥ ብቻ በቅሎ ታየው። ጫልቱ ያን ዕለት ጠዋት ምጥ ምጥ ብሏት ነበር።

ማስጠንቀቂያው ተነበበ። አዳራሹ በቃሉ ያውቀው ስለነበር ከጓድ መርዳሳ ጋር እኩል አለው፤ «ማጅራቷን» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ መዝሙር ከፍ አለ። እንግዳው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓድ መርዳሳ ቸርኬው ሥር ቆሙ፤ ፊልሙ ተጀመረ። ተጋቡ። ተለያዩ። አለቀሰች። መርከቡ ብቅ አለ። ነጋሳ ብቻውን ያንኮራፋል። ቀይ ቀሚስ ታየ፤ ሚስቲቱ ፀጉሯን በትና መሮጥ ጀመረች።

ጓ!

እንዲያ ያለ ዝምታ ለተሠዉ ጓዶች የኅሊና ጸሎት ሲደረግ እንኳ ታይቶ አይታወቅም። ነጋሳ ማንኮራፋቱን አቆመ። እንግዳው ዞር ብለው በጥቁር መነጽራቸው ጨለማውን አዩና «ግሩም!» አሉ።

ከዚያ ሸራው ጨለመ።

ድምፁ ግን አልተቋረጠም። ማዕበሉ ይሰማል፣ መርከቡ ይጮሃል፣ የሚስቲቱ ጫማ ድንጋዩ ላይ ቋ ቋ ይላል። የጨፈነ ሰው እንደ ጨፈነ፣ ማዕበሉን እያዳመጠ በተቀመጠ። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። እያንዳንዳችን ጨለማው ውስጥ ጥርሳችንን ነክሰን፣ ወንበራችንን ጨብጠን፣ ለራሳችን «አልጮህም፣ አልጮህም» እንል ነበር። የሚስቲቱ እርምጃ ቀረበ። ሙዚቃው ከፍ ማለት ጀመረ።

«ሌባ!»

ድምፁ ቀጭን ነው፤ የሴት ነው፤ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከነጠላ ሥር ነው የመጣው።

«እጅህን አንሳ አንተ!» አሉ አቶ ገብረወልድ ከዘራቸውን እየቀጠቀጡ፤ ከዚያ ግድቡ ፈረሰ። «ሌባ! ሌባ! ሌባ!» አዳራሹ በእግሩ ወለሉን ደበደበ፤ ወንጂ አፏጨች፤ ነጋሳ ባርኔጣውን ወረወረ። ዙህራም ጩኸት ሲነሳ ሁልጊዜ እንደምታደርገው የአዳራሹን መብራት ቦግ አደረገችው።

ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሁሉም ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ማሽኑ ክፍል መስኮት አዙሮ፣ ዓይኑን እንደ ጉጉት አፍጥጦ። አቶ ገብረወልድ ወንበር ላይ ወጥተዋል። የእትዬ ተሻለች ነጠላ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። ጓድ መርዳሳ ቸርኬውን ረስተው በያዙት ብረት ወደ መስኮቱ ይዝታሉ። ጓድ ወልደአማኑኤል ደግሞ ትእዛዙን የሰጡት ራሳቸው መሆናቸው እንዴት እንደጠፋባቸው እንጃ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «አንሳ እንጂ!» የምትለዋ ቃል ግማሽዋ ከአፋቸው ወጥታ ግማሽዋ ቀርታለች።

ጩኸቱ ጸጥ አለ። ከላይ በመስኮቱ አምባዬ ታየ። ቀኝ መዳፉ ማሽኑ አፍ ላይ ነው። ግራ መዳፉ የራሱ ዓይን ላይ ነው፤ ጥብቅ አድርጎ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የጨፈነ እሱ ብቻ ነበር።

«ጓዶች፣» አለ በፍርሃት፣ «ሁለተኛው ተመታ እንዴ? ልግለጥ?»

ጓድ መርዳሳ «ያዙት!» ሊሉ አየር ሳቡ፤ አየሩን ይዘው ቀሩ። በምን ይያዝ? መዳፉን አየሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው አስቀድሞ ማየቱን ማመን አለበት፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በናዝሬት ያን ቀንም ከዚያ ወዲያም አልተገኘም። የዚያን ዓመት ሰሊጥ ሌሎች አጨዱት።

መጀመሪያ የተቀመጡት እንግዳው ናቸው። መነጽራቸውን ቀስ ብለው ወደ ዓይናቸው መለሱ፤ በመነጽሩም ላይ መዳፋቸውን ደረቡ። እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን አነሱና ተከናነቡ፤ ያን ቀን አጥፈው፣ ደርበው ነው። አቶ ገብረወልድ ከወንበሩ ወርደው ግንባራቸውን ከዘራቸው ላይ ደፉ። ከዚያ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሌላ ረድፍ፣ ሕዝቡ እየተቀመጠ፣ መብራቱ ቦግ ብሎ በበራበት፣ ዓይኑን ጨፈነ። ነጋሳም ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ዙህራም በር ላይ ቆማ በሻርፗ ተሸፈነች። ጓድ መርዳሳ ራሳቸውም ጨፍነው ሁለተኛውን ለመምታት በዳበሳ ቸርኬውን ፈለጉ። ብረታቸው ግድግዳውን መታ። እንደገና በሩን መታ።

የማሽኑ ግለት የአምባዬን መዳፍ ፈጀው። ሁለተኛውን ምት መጠበቅ አልቻለም፤ እጁን ከማሽኑ ላይ ላጥ አድርጎ እፍ ማለትና ማርገብገብ ያዘ። ያን ጊዜ በዚያ አቡጄዲ ላይ፣ በመብራቱ ብርሃን ገርጥቶ፣ ባልየው በግራ እጁ ወገቧን፣ በቀኝ እጁ ማጅራቷን ያዘ፤ ሚስቱንም፣ እንደተነገረው፣ ረዘም አድርጎ ሳማት። ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

እንዴት አወቅህ የሚለኝ ካለ፣ በሙዚቃው ነው።